የዋልተር መርዶ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዋልተር ሞተ።

ልጁ ማርሊን ነች የደወለችልኝ፣ ኢቶቢኮ ሥራ ቦታ፣ ዕቃ የሚራገፍበት ሎዲንግ ዶኩ ላይ ቆሜ ሳለሁ። "ብሩክ፣ ተቀምጠሻል?" አለችኝ። የት ልቀመጥ? ፎርክሊፍቱ ከኋላዬ ይጮኻል። አባቷ ቅዳሜ ማታ ሾርባውን ጠጥቶ ተኛና በዚያው ቀረ። "ለአባትሽ አንቺ ንገሪው" አለች። "እናንተ እንደምታደርጉት አድርገሽ። ያኔ እንዳደረጋችሁት።"

እሺ አልኳት። ከዚያ ሄጄ የቀረውን ኮንቴይነር አስራገፍኩ። አላለቀስኩም።

ቤት ስገባ አባባ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የፖርት ሃርዊክን ራዲዮ ይሰማል። የባሕሩን አየር ትንበያ። ቶሮንቶ ከመጣ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሥራው ይኸው ነው።

"ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ነው" አለኝ። "ዋልተር ዛሬ ጀልባውን አይፈታም።"

"አይፈታም" አልኩት። ጫማዬን ሳላወልቅ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ ማታ

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኤልያና እንዳታነበው በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደሉን ግን አትለየውም። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ አባባ ነው፤ ፖርት ሃርዊክ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ ሳልመን በቆርቆሮ ይታሸግበት ከነበረው ከካነሪው ባመጣው ወረቀት። ከፊቱ ቀይ ዓሣ፣ ከጀርባው ሀ ሁ ሂ።

ከሱዳን ካምፕ አውጥታ ያስመጣችን የዚያች ከተማ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። "ቫንኩቨር አጠገብ" ተብለን ነበር የመጣነው። አጠገብ የተባለው ወደ ሰሜን ሌላ ቀን የሚያስኬድ የባሕር ዳርቻ ሆኖ ተገኘ። ዝናብ፣ ጥድ፣ ዓሣ። በዚያ ዳርቻ ያለነው አበሾች እኛው ነበርን፤ አባባ፣ እማማ ተናኜና እኔ።

አባባ ካነሪው ውስጥ የእንፋሎት መቀቀያው ላይ ተቀጠረ። ዋልተር ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ የዚያው አገር ነባር ሰው፤ አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው ውሃ ላይ ኖረው የሞቱ። አንድ ቀን ለቀልድ ብሎ የራሱን ቋንቋ ቃላት አባባን አስባለው። ነጮቹ ጓደኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሞክረው ያልቻሏቸውን ቃላት አባባ "ቀ"ውንና "ጠ"ውን እኛ እንደምንለው አጥብቆ አላቸው። ዋልተር ሳቀ፣ ደግሞ በል አለው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ቋንቋ ተናገርክ ብለው ይገርፉት ነበር፤ እንደገና ከእንግዳ ሰው አፍ ሲሰማው ምን እንደተሰማው እንጃ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተለያዩም።

እማማ የሞተችው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፣ ቫንኩቨር፣ ሆስፒታል። አባባ ብቻውን ተመልሶ መጣ። "እማማስ?" ስለው "ደህና ናት።" በማግሥቱም "ደህና ናት።" ምን ያድርግ? መርዶ በሰው ነው የሚነገር፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ መርዶ የሚነገረውን ሰው ግራና ቀኝ ይዞ። እሱ ማንን ይሰብስብ? ዋልተር "የእናንተ ሰዎች እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?" ብሎ ጠየቀውና አባባ ነገረው። በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ ሲሠሩ ያደሩት ሁሉ ከካነሪው በቀጥታ ኮረብታውን ወጥተው ቤታችንን ሞሉት። ከፊት የዋልተር እናት፣ ከኋላ ፊሊፒኖዎቹ፣ መረብ የምትጠግነው ጃፓናዊት፣ ሁሉም በላስቲክ ቦቲ። ያኔ ነው አባባ የነገረኝ። የዋልተር እናት ሽርጥ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ጮኽኩ። የዓሣ ቅርፊት ጉንጬ ላይ ተለጥፎ ቀርቶ ነበር።

ማርሊን "ያኔ" ያለችኝ ይህንን ነው። እሷም ልጅ ሆና ደጃፋችን ላይ ቆማ ነበር።

እዚህ ሰው አይቸግረኝም። አበሻ የሞላበት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አንዴ ብጮኽ አገር ይሰበሰባል። ግን አባባ ልቡ ውስጥ ስቴንት የሚባለው ቱቦ የገባለት ገና በመስከረም ነው። እዚህ ያመጣሁትም ለዚያ ብዬ ነው፣ "ዊንተሩን ብቻ" ብዬ። ሻንጣውን እስካሁን አልፈታውም፣ ከዚያው እያወጣ ይለብሳል። ትንሽ ይጠንክር። ቀብሩ ሐሙስ ነው፤ ለእሱ እንደሆነ አይደርስም። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ብሬክ ላይ። ዛሬ ቀበሩት። አባባን ትናንት ጠዋት አውሮፕላን ላይ ባሳፍረው ኖሮ ይደርስ ነበር። ተዪው አሁን።

ማርሊን ቴክስት አደረገች። ትልቁ ድግስ ሚያዝያ 18 ነው። የዋልተር ስም ለልጅ ልጁ የሚተላለፍበት። አባባ በምስክርነት መቀመጥ አለበት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ዋልተር ለእሱም እንዲህ ባለ ድግስ ላይ ስም ሰጥቶታል፣ ስም የተቀበለ ሰው ደግሞ ሲጠሩት መቆም አለበት። "ወንበሩን ይዘንለታል" ትላለች።

ሚያዝያ ሩቅ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

የምሥራች አለኝ። አባባ ራዲዮውን ተወው። ትናንት ጠዋት ከፍቶት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ዘጋው። "ምን ያደርግልኛል የዚያ አገር ነፋስ" አለኝ። ቶሮንቶን እየለመደ ነው ብዬ ለኤልያና ነገርኳት።

"ሜይቢ ሂ ኢዝ ሳድ" አለችኝ ስልኳን ሳትለቅ። "ኤሌቬተር ውስጥ ዓይኑ ቀይ ነበር።"

ብርድ ነው አልኳት። የቶሮንቶ ነፋስ ማንን አያስለቅስም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ብቻዬን መያዙ ቢያቅተኝ እትዬ ጠጂቱ ቤት ገባሁ። እኛው ፎቅ ላይ ናቸው፣ ኮሪደሩ ጫፍ። ሰፈራችን ኢስት ዮርክ ውስጥ ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም፤ ማን ከፊት እንደሚገባ፣ ማን ውሃ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚቀመጥ እሳቸው ናቸው የሚያዙት። ነገርኳቸው። አለቀስኩ። ሶፋቸው ላይ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገውልኝ።

"ለአባባ እንዳይነግሩብኝ፤ ማርያምን ይበሉኝ" አልኳቸው።

እትዬ ጠጂቱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከደኑት። "ማርያምን" አሉ በመጨረሻ። "ኧረ ምን ዓይነት ቤት ነው ያላችሁ እናንተ?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ስወጣ መሐረብ ሲያጥፉ አየሁ፣ ማጠቢያቸው ላይ ሌላም የተጠቀሙበት መሐረብ ተከምሯል። ጉንፋን ይዟቸው መሆን አለበት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። አመሻሽ ላይ እትዬ ጠጂቱ ሽሮ ይዘው መጡ፣ ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ጦርነት ሊጀመር ነው ብዬ ጠበቅሁ። አባባ ፖርት ሃርዊክ ቄስ በሌለበት አገር ሁዳዴውን በሳልመን ነው ያሳለፈው። ዛሬ ግን አልተከራከረም። "አንቺ እንዳልሽ ጠጂቱ" ብሎ ሽሮውን በላ። እንዲህ ተሸንፎ አይቼው አላውቅም።

ጢሙንም ማሳደግ ጀምሯል። ሽበቱ ያምርበታል አልኩት። አገጩን ዳበሰ።

ዛሬ ልነግረው ነበር፣ አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። በጾም መጀመሪያ ቀን ሰው መርዶ ይነገረዋል?

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከፖርት ሃርዊክ የአባባ ቤት አከራይ ደወለልኝ። "ይመለሳል ወይስ አይመለስም?" አዲሱ የጋዝ ተርሚናል ሠራተኞች የጠየቁትን ይከፍላሉ፣ ክፍል የለም፣ የሰው ጋራዥ ሳይቀር እየተከራየ ነው። እኛ ያደግንበት ሰፈር ግማሹ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፣ በየበሩ የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሎ።

ልጅ ሳለሁ የካነሪው ፊሽካ ሲነፋ ከተማው በሙሉ ይነሣ ነበር። ከዚያ ዓሣው አነሰ። የአጥማጆቹ ፈቃድ አንድ በአንድ ሩቅ አገር ላሉ ካምፓኒዎች ተሸጠ፤ የዋልተርም። የወረቀት ፋብሪካው ተዘጋ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ግማሹ ሄደ፣ ካነሪው ተከተለ። እኔም በመጀመሪያው አጋጣሚ ወደ ቶሮንቶ። ቀጥሎ የኮንቴይነሩ ወደብ መጣ፣ የቱሪስት መርከብ መጣ፣ ካነሪው ሙዚየም ሆነ። አባባ ጡረታ ከወጣ በኋላ እዚያው ለጎብኚ ማሽን ያሳይ ነበር፤ ባዶ ቆርቆሮ በመስመሩ ላይ ይለቃል፣ ባዶ ቆርቆሮው ሄዶ ይታሸጋል፣ ፈረንጆቹ ያጨበጭባሉ። ዋልተር በሩ ላይ ቆሞ ይሥቅበት ነበር። አሁን ሙዚየሙም አዋጪ አልሆነም ተብሎ ሆቴል እየሆነ ነው አሉ።

ማን ጋ ነው የሚመለሰው እሱ? ለምን ብሎ? ለአከራዩ እስከ ፋሲካ ጠብቀን አልኩት።

ስልኬን ስዘጋ አባባ ከኋላዬ ቆሟል። "ማነው?" "ከሥራ" አልኩት። ሰሞኑን ስልኬ በጮኸ ቁጥር "ማነው?" ይላል። ዋልተር የደወለ እየመሰለው ነው፣ አንጀቴን ይበላኛል።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ብሬክ። ዛሬ ያስራገፍኩት ሪፈር፣ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር፣ ሙሉ ሳልመን ነው። ካርቶኑ ላይ "ዋይልድ ፓሲፊክ"። የተጠመደው እኛ ባሕር ላይ፣ በረዶ ሆኖ ቻይና ሄዶ፣ እዚያ ተበልቶ፣ ተሸንሽኖ ማለቴ ነው፣ እንደገና ውቅያኖሱን ተሻግሮ በዚያው ወደብ ገብቶ በባቡር እኔ ጋ ደረሰ። ድሮ ካነሪው ውስጥ ይህንኑ ዓሣ በቢላ ይሸነሽኑ የነበሩት የዋልተር እህቶች አሁን ቱሪስት መርከብ ላይ አልጋ ያነጥፋሉ። ለኩልሱም ይህን ስነግራት "እኛም እኮ እንዲሁ ዞረን ነው የመጣነው" ብላ ሳቀች። ኩልሱም ከጄን ኤንድ ፊንች ሁለት አውቶቡስ ይዛ የምትመጣ የሥራ ጓደኛዬ ናት። ሺፍት ሊቀንሱ ነው ይባላል። ወይ እሷ ወይ እኔ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ለአከራዩ "ስጠው፣ ለሌላ ሰው ስጠው" አልኩት።

ራሴን አሞኛል ዛሬ። ሌላ አልጽፍም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ለእሱ ብዬ ነው። እዚያ ዶክተር የለም። ደረጃው ያንሸራትታል። ዋልተርም የለ።

እዚህ እኮ ምን ጎደለበት? እኔ ከሥራ ስገባ መብራት በርቶ ይቆየኛል። ኤልያና ከእሱ ጋር ስትሆን ትሥቃለች። ከተፋታሁ ወዲህ ቤቴ እንዲህ ሞቆ አያውቅም። እሱን ብዬ ነው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

አባባ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ጠዋት አብረን ከምንተኛበት ከኤልያና ክፍል ስወጣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ፣ አልጋው እንደተነጠፈ። "ወገቤን ነው፣ ፍራሹ ለስላሳ ሆነብኝ" አለ። አዲስ ፍራሽ ልፈልግለት ነው።

ለእኔ ደግሞ እንቁላል እንደሚታቀፍ ሰው ነው የሚጠነቀቅልኝ። በጥር የሐሞት ከረጢቴን ካወጡልኝ ወዲህ "ቁስሉ ደረቀልሽ? ጉልበትሽ ተመለሰ?" እያለ ይከታተለኛል። ዛሬ እራት ላይ እንዲህ አለኝ፦

"ብሩኬ፣ ዋልተርን መቼ ነው ያናገርሽው?"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። "ለገና ይመስለኛል። አንተስ?"

"እኔም ለገና።" ረጅም ጊዜ አየኝ። "ጥሩ ሰው ነው" አለ።

"በጣም።"

"ሳይክል ያስለመደሽ እሱ ነው።"

"አዎ፣ ያንን ቀይ ሳይክል።"

ሁለታችንም ወጡን አየን። ኤልያና አንዴ እኔን አንዴ እሱን አይታ "ጋይስ፣ ምንድነው ነገሩ?" አለች። እንዴት እንደተወጣሁት! ምንም አልጠረጠረም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ማርሊን ዛሬ ተቆጣች። ተቆጥታኝ አታውቅም። "ብሩክ፣ ድግሱን የአባቴ እናት በሕግ ተከልክሎ ሳለ እንኳ በገና በዓል ሰበብ ደብቃ ትደግስ ነበር። አባቴ በግልጽ ተደርጎለት አባትሽ ካልቆመ ምን እላለሁ? ለምንድነው የማትነግሪው?"

ልቡን ነው አልኳት።

"የማንን ልብ?" አለችና ዘጋችው።

እሺ። ልጻፈው። ከነገርኩት ይሄዳል። ከሄደ አይመለስም። እማማም እዚያ ናት፣ ዋልተርም አሁን እዚያ ነው፣ የቀበረው ሰው የሌለበት አገር እኔ ጋ ብቻ ነው። ለአባቴ ፈርቼ አይደለም፣ ለራሴ ነው የፈራሁት። ቤቱንም ሰጠሁበት። ምን ይዋጠኝ?

ማታ እትዬ ጠጂቱ ጋ ሄድኩ። ሳልጨርስ እጃቸውን አነሡ። "በቃ! ከሆሣዕና በፊት ይሁን። ቅዳሜ ሚያዝያ 4፣ ጎህ ሲቀድ። ሰዉን እኔ እሰበስባለሁ። እኔም ሰው ነኝ፣ ታንቄ ልሞት ነው።"

ሳቄም መጣ። እሳቸው ምን ያንቃቸዋል?

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ነገ ነው። የልብ መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጥቁር ቀሚሴን በር ጀርባ ሰቀልኩ።

አባባ ማታ ከሽሮው ላይ ጨመረልኝ። "ብይ። ነገ ሥራ የለሽም አይደል? በደንብ ብይና ተኚ።" ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ የሚያደርገኝን ሰው ነው ነገ የማስለቅሰው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሰዉ ገና አልወጣም፣ መኝታ ቤት ገብቼ ነው።

ገና ሳይነጋ ተነሣሁ፣ ጥቁሩን ለበስኩ፣ ጋቢ ደረብኩበት እንዳያይብኝ። ሳሎን ስወጣ አባባ ቆሟል። ለብሷል። ጥቁር ካፖርቱን፣ እማማን የቀበረበትን። መካከል ላይ አንድ ወንበር አውጥቶ አስቀምጧል፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

"ምነው በጠዋት?" አልኩት።

"እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ነይ ተቀመጪ።"

"አንተ ተቀመጥ።"

"አንቺ ተቀመጪ እንጂ ልጄ።"

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጠጂቱ ከፊት፣ ባላቸው ጋሽ ፍቅሩ ከኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሴቶች፣ ኩልሱም ሳትቀር በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥታ። ሰላም ያለ የለም። ገብተው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ልክ እንደ ያኔ። የጎደለው የላስቲክ ቦቲው ነው።

አባባ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና ሁለት ትከሻዬን ያዘ። አጥብቆ። ሰው መርዶ ሲሰማ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል እንደሚይዙት። እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ዞሬ ክንዱን ይዤዋለሁ።

"አይዞሽ" አለኝ።

"አይዞህ" አልኩት።

እኩል ነው ከአፋችን የወጣው። ተያየን። ዓይኖቹ ገና ከአሁኑ ሞልተዋል። ጢሙን አየሁት። ራዲዮውን፣ ምንጣፉን፣ ኤሌቬተሩን፣ እትዬ ጠጂቱ ማጠቢያ ላይ የነበረውን መሐረብ ሁሉ አየሁት።

እትዬ ጠጂቱ በመካከላችን ቆመው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ፣ ለማን እንደሚናገሩ ጠፋቸው። ከዚያ ጮኹ፦ "ዋልተር አርፏል! ለሁለታችሁም ነው የመጣነው! ጋሼ፣ እርስዎ ቀን ቀን፣ እሷ ማታ ማታ፣ ሶፋዬ በእንባ በሰበሰ። ሁለታችሁም ማርያምን አስብላችሁኛል። በሉ አሁን አብራችሁ አልቅሱና እኔንም አሳርፉኝ።"

ራዲዮው ነው የነገረው። የካቲት ላይ፣ ከባሕሩ ትንበያ ቀጥሎ የሟቾችን ስም ሲያነቡ። "አንቺ ከኦፕሬሽን የተነሣሽ ነሽ" አለኝ፣ "እሱ ሳይክል ያስለመደሽ… እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰው ይሰብሰብ ብዬ…"

ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ነን። ኤልያና ከክፍሏ ወጥታ፣ ምንም ሳትጠይቅ መካከላችን ገብታ ተቀመጠች።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ቀሪውንም ነገርኩት። ቤቱን። እንዲሁ ቀጥ አድርጌ።

"ለቤቴም ሰው ልትሰበስቢልኝ ነበር?" አለና ተነሥቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ እሰማዋለሁ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

አያናግረኝም። "ውሃ" ይላል፣ "አመሰግናለሁ" ይላል። ትኬት ቆረጥኩ። የሦስታችንን። ኤልያናም እሄዳለሁ አለች፣ ትምህርቷን ትታ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጎርሶ አጎረሰኝ። ትልቅ ጉርሻ፣ አፌን እስኪጨንቀኝ። ታረቅን መሰለኝ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ፣ ፖርት ሃርዊክ

ዝናብ። ከአውሮፕላን ስንወርድ ያው ሽታ፤ የዓሣው ቀርቶ የጥዱና የጨው። ወደቡ ላይ ክሬኖቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ይበልጣሉ። ካነሪው በር ላይ "በቅርቡ ይከፈታል" የሚል ተለጥፏል፤ ውስጡ የአባባ መቀቀያ ተወልውሎ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቆሟል። አባባ በመስተዋቱ አየውና "ይኸው እሱም ጡረታ ወጣ" አለ።

የመንገዶቹ ስም ግን በዋልተር ቋንቋ ተጽፏል፣ ከላይ፣ እንግሊዝኛው ከሥር። ዋልተር ያንን ቢያይ አላልኩም፤ አይቶታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መዋዕለ ሕፃናት እየሄደ፣ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ልጆቹን የተገረፈባቸውን ቃላት ያስተምር ነበር አለች ማርሊን።

ድግሱ ትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ነበር። እነዚያ ልጆች ዘፈኑ። የልጅ ልጁ የዋልተርን ስም ተቀበለ። ከዚያ ምስክሮቹን ጠሩ። የአባባን ስም፣ ዋልተር የሰጠውን፣ በፊደል ልጽፈው ሞከርኩ፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ድምፅ አለው፣ "ቀ" ግማሽ መንገድ ያደርሳል። አባባ ተነሣ። ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ በነጭ ጢሙ፣ የተጠየቀውን በእነሱው ቋንቋ መለሰ። ሕፃናቱ ሳቁ፣ አሮጊቶቹ አለቀሱ። ይህችን ወንበር ባዶ ላስቀራት ነበር እኔ።

ኤልያና ጆሮዬ ሥር "እኔ ለምንድነው የራሴን ፊደል ማንበብ የማልችለው?" አለችኝ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል ነው ያለችኝ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ፣ አየር ማረፊያ

አባባ ይቀራል። የዋልተር መረብ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል ማርሊን ምድጃ አስገብታ አዘጋጅታለታለች። የቶሮንቶ ሐኪሞቹም በቪዲዮ እንከታተለዋለን ብለውናል። አልተከራከርኩም። ሻንጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቶ ልብሱን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል አየሁት።

ሲሸኘን እጄን ያዘ። "ብሩኬ፣ ከእንግዲህ ይሄን መደባበቅ እንተው። እኔ አንድ ነገር የሆንኩ እንደሆነ ማርሊን ወዲያው ትደውልልሻለች። በዚያው ሰዓት። ነግሬያታለሁ።"

"አይሆንም" አልኩት።

"እንዴት አይሆንም?"

"ለእትዬ ጠጂቱ ትደውል። ሰው ይዘው ይምጡ። ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ። እስኪነጋ ድረስ እንኳ ትቆይልኛለህ።"

አባቴ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። "እሺ" አለ። "ለጠጂቱ ትደውላለች።"

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሺፍቴን ቀነሱት፤ የኩልሱምንም። ጠዋት ጊዜ አለኝ።

ሳይነጋ ነው የምነቃው። ተኝቼ ኮሪደሩን አዳምጣለሁ። ኤሌቬተሩ ይቆማል፣ የሰው እግር ይመጣል፣ በራችንን ያልፋል። የሌሊት ሥራ ያደረ ጎረቤት ነው። ቆይቶ የእትዬ ጠጂቱ በር ይከፈታል፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ቆሻሻቸውን ጥለው ይመለሳሉ።

ዛሬም ነጋ፣ ያንኳኳ የለም። ተነሥቼ ራዲዮውን ከፈትኩ። ፖርት ሃርዊክ፣ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከቀትር በኋላ ጋብ ይላል፣ ባሕሩ ረጋ ያለ።